ከባዱ ጀናዛ

መስከረም ላይ የሞተ ሰው ጥር ላይ ሐራ ገበያ ወረደ ይሉኛል፣ አለች ሲቲ በልቧ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ። ቀን ነው። ውጭ ፀሐይዋ በረዶው ላይ ታበራለች፤ እሷ ግን የመስኮቱን መከለያ በገመዱ እስከ ታች አውርዳዋለች፤ በዚህ አገር ሌሊት የሚሠራ ሰው የሚተኛበትን ጨለማ የሚሠራው ራሱ ነው። ጨለማው ተሠርቷል፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ስልኩ ደረቷ ላይ ነው። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር የጮኸው፣ ከመርሳ፣ ከዚያ ሁሉ ወር ዝምታ በኋላ፣ ሽፈራው ነው፣ ሽፈራው መካኒኩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው፣ ድምፁ እንዳለ ነው፣ ያ ሁልጊዜ ከሞተር ጩኸት በላይ ለመሰማት የሚታገል የሚመስለው ድምፅ። «ኔትወርክ መጣልን፣ ሲቲ። ሁላችንም አለን። አባትሽም ደህና ናቸው» አለ። አባትሽም ደህና ናቸው። እሷም እንደ ጅል፣ ያን ሁሉ ወር እንዳላለቀሰች፣ ለነፍሳቸው ያን ሁሉ ያሲን እንዳላስቀራች፣ «ስጣቸው እስቲ» አለች። «እዚህ የሉም፣ ሐራ ገበያ ወርደዋል፣ ሲመለሱ እናገናኝሻለን» አለና ወይ መስመሩ ተቋረጠ ወይ እሱ ዘጋው።

ሐራ ገበያ። ሲቲ ይህን ገበያ በደንብ ታውቀዋለች፤ ሐራን ማለቷ አይደለም፣ ስደተኛ ሲደውል ሟቾች ሁሉ የሚወርዱበትን ገበያ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሞት አይነግርም። ብቻዋን ናት፣ ማን አላት፣ ደንግጣ አንድ ነገር ትሆናለች ይባልና ሟቹ በስልክ መኖሩን ይቀጥላል። አክስቷ ዙልፋ ከሞተች በኋላ ዓመት ሙሉ ሰርግ ስትሄድ፣ አራስ ስትጠይቅ፣ ወፍጮ ቤት ስትመላለስ ከረመች፤ በሕይወት ሳለች እንኳ እንዲያ ዞራ አታውቅም። የማርታ እናት ደግሞ ተኙ። ማርታ እዚሁ ጀርመን፣ ካሰል የምትኖር የወልድያ ባለሱቅ ልጅ ናት፣ በደወለች ቁጥር እናቷ «አሁን ገና ሸለብ አድርጓቸው ነበር» ይባላል፣ በመጨረሻ ማርታ ራሷ ናት ለወንድሟ አዝና «በቃ ነፍሳቸውን ይማር በለኝና ረፍ» ያለችው። ስለዚህ ሲቲ ሽፈራውን ያላመነችው ውሸታም ስለሆነ አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነ ነው። ጨዋ ሰው ነው ለስደተኛ የሚዋሽ። ደግሞስ ገበያው ይሁን፣ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ሆኖ ሐራ? አባቷ ቡአ አለባቸው፤ ከመስጊድ እስከ ቤት እንኳ የሚሄዱት እጃቸውን ብሽሽታቸው ላይ አድርገው ነው፤ ኦፕራሲዮን ይሁኑ ሲባሉ «ይህን ያህል ዘመን ተሸክሜው አሁን ለማን ልስጠው» የሚሉ ሰው ናቸው፣ ነበሩ፣ ናቸው። የትኛውን እንደምትል አታውቅም። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ናቸው ወይስ ነበሩ የሚለውን፣ ሌላው ሁሉ ይቅር።

መርዶውስ? መርዶው ሐሰት ነበር? ካሳዬ በመርሳና በወልድያ መካከል ሚኒባስ ይነዳ የነበረ፣ ነሐሴ ላይ ጦርነቱ መርሳ ደርሶ ታጣቂዎቹ ከገቡ በኋላ ሚኒባሱን ጥሎ በተራራው በእግሩ ደሴ የደረሰ ሰው ነው። መስከረም ላይ ከደሴ ደወለላት። ከመርሳ የወጣ ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፣ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም፣ በዜና ደግሞ የመርሳ ስም እንኳ አይነሳም፤ ሰላምታውን ሳትጨርስ አባቴስ አለችው። ካሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አጠገብሽ የአገር ልጅ አለች ወይ፣ ሲቲ? ስልኳን እስቲ ስጪኝ፣ አንድ የማስይዛት መልእክት ነበረኝ» አለ። በቃ። አባቷ የሞቱት ያኔ ነው፣ እዚያው አረፍተ ነገር ላይ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማታውቅ ልጅ አይደለችም፤ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይወረወርም፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይዞት ይመጣል። እሷም ምን ሆነው ነው ብላ አልጠየቀችውም። የማርታን ቁጥር ቀስ ብላ፣ እንዳይሳሳት ደግማ ነገረችው፣ የራሷን መርዶ ነጋሪ ቁጥር፣ ከዚያ ተነስታ ሥራ ሄደች። ጠዋት ስትመለስ ማርታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ሲቲ አውቄዋለሁ አላለችም። በሩን ከፈተችላቸው፣ ወንበር አቀረበች፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና ተቀመጠች፣ ማርታም ምንም እንዳልያዘች ሆና እንዴት አደርሽ አለቻት፣ ሁለቱም ሥርዓቱን እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ካሳዬ ኋላ ላይ ሁሉንም ነግሯታል፣ የአገሩ እድር፣ ቅሬው፣ እንዴት እንደቀበራቸው። «ቅሬው ሙሉ ወጥቶ ነው የተቀበሩት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። እኔ ራሴ ተሸክሜያለሁ። ደግሞ እንዴት ከበዱ፣ በሽታው አሳብጧቸው ነው መሰል፣ ትከሻዬ ተልጦ እስካሁን አልተመለሰም» ብሏታል። ትከሻው የተላጠ ሰው እንዴት ይዋሻል።

እሷ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበላት፣ እፎይ ብላ ነበር። ይህን ለማርታ እንኳ አልነገረቻትም። ያን ሰሞን ስንቱ ነው ሜዳ ላይ የቀረው፣ ስንቱ ነው የት እንደወደቀ ያልታወቀው፤ አባቷ ግን በቅሬ ታጅበው፣ ተሰግዶባቸው፣ አፈር ለብሰዋል፤ ከዚህ በኋላ ማንም ምንም አያደርጋቸውም፣ ራባቸው ወይ፣ መቷቸው ወይ፣ ውኃ ማን ይቀዳላቸዋል እያለች ጣሪያ ላይ ማፍጠጧ ቀረ። አሁን ሽፈራው መጥቶ እፎይታዋን ይወስድባታል። ቢሞቱ ሀዘን ነው፤ ካልሞቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ወር ራባቸው ወይ ሳትል ቆይታለች ማለት ነው፣ አባቷ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው እሷ ተገላገልኩ ብላ እንቅልፏን ስትተኛ ከርማለች ማለት ነው። ጎኗን ቀየረች፣ ስልኩን አየችው፣ ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለቻት ያቺ ሴትዮ፣ በአማርኛ፣ በዚያ ደንታ በሌለው ለስላሳ ድምፅ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ጀምሮ ሲቲ ከማንም አብልጣ ያነጋገረችው ይህችኑ ሴትዮ ነው።

ሥራ ቦታ ሀዘንተኛ ነኝ ስትል ጽሕፈት ቤቱ የሞት ማስረጃ አምጪ አላት። ከየት? መርሳ ያኔ ከጨረቃ ይርቃል። «አባቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቀብራቸው ላይ ነበር» ብትላቸው፣ በጨዋነት ፈገግ ብለው፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም አሏት። ሲቲም አልተጣላቻቸውም፣ ወደ ጠረጴዛዎቿ ተመለሰች። የሲቲ ሥራ ጠረጴዛ ነው። በምትሠራበት ሆስፒታል የቀዶ ጥገናው ክፍል ወለል ላይ የተተከለ ምሰሶ አለ፣ ገበታው ግን ለብቻው ነው፣ በሽተኛው ከአልጋው ወደ ገበታው ይሻገርና በጋሪ ተገፍቶ መጥቶ ምሰሶው ላይ ቁጭ ይላል፤ እሷ ናት የምታጥበው፣ የምታነጥፈው፣ የምትገጥመው፣ ሰውየውን የምታመቻቸው። ሰው ሁሉ ስለ ሐኪሙ እጅ ያወራል፣ ቢበዛ ስለ መብራቱ፣ ጠረጴዛውን የሚያመሰግን አይታ አታውቅም። ሐኪሙ ረጅም እንደሆነ ከፍ ይልለታል፣ አጭር እንደሆነ ዝቅ ይልለታል፣ አንጀቱ ከቢላው መንገድ ገለል እንዲል ወደ ጎን ያዘነብላል፣ የደም ግፊቱ ወረደ ሲባል ጭንቅላቱን ደፍቶ እግሩን ያነሳል፣ ሁሉንም ያለ ድምፅ። በማደንዘዣ የተኛ ሰው አመመኝ አይልም፤ አንዲት የተሸበሸበች አንሶላ ጀርባው ላይ ስትቆይ ቁስል ትሆናለች፣ ስለዚህ ተረከዙ ሥር፣ ክርኑ ሥር ትራስ ታደርጋለች፣ ማሰሪያውን ስታጠብቅ ጣቷን አስገብታ ትለካለች፣ እና መርዶው ከመጣ ጀምሮ የያዘችው የጀርመን ተረከዝ ሁሉ ያንን አንድ የተሰነጠቀ የአባቷን ተረከዝ ይመስላታል። ሰዎቹ ከመተኛታቸው በፊት ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀን፣ የሚቀደደው የቱ ጎን እንደሆነ ራሳቸው እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። አባቷ ቢሆኑ፣ ትላለች ከሰው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ የልደት ቀን ሲጠየቁ አንበጣው የወረደ ዓመት ይሉና ተራውን ሁሉ ያስቆሙት ነበር።

መርሳዎች ጠረጴዛ አይሏትም፣ አልጋ ነው የሚሏት፣ የኦፕራሲዮን አልጋዋ። በከተማው ትንሿ ሆስፒታል ውስጥ ያለችው አንዷ እሷ ብቻ ናት፣ እግሯ ብረት፣ በእግር በሚረገጥ ፓምፕ ከፍ ዝቅ የምትል፣ የሆነ አገር ተጠቅሞባት ያሰናበታት አሮጌ፤ ካሰል ውስጥ ቢያገኟት ሙዚየም ያስገቧታል። አልጋዋ ከመምጣቷ በፊት መርሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ ሰው የኦፕራሲዮን አልጋ የቅሬው ቃሬዛ ነበር። ምጥ የጠናባት፣ አንጀቱ የታጠፈበት፣ ከዛፍ የወደቀ፣ ማንጎ ሲለቅም ቅርንጫፍ የከዳው፣ ሁሉም ያችው ቃሬዛ ላይ ተጭኖ መኪና እስኪገኝ በሰው ትከሻ ወደ ወልድያ ይጓዛል። የሲቲ እናትም ሄዳለች። ሲቲ ከኋላ እየሮጠች ነበር፣ ነጠላ ጫማዋ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች፣ አባቷ ከፊት በኩል ተሸክመዋል፣ ስሪንቃ ላይ ሲደርሱ ከወንዶቹ አንዱ ቀስ ብሎ እናውርዳት አለ። አወረዷት። ከዚያ በነጠላዋ ሸፍነዋት፣ ፊታቸውን ወደ መርሳ አዙረው በዚያው ቃሬዛ ተሸክመው ይመልሷታል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አንድ የጭነት መኪና አሁን ገና መጥቶ ጎናቸው ይቆማል፣ ሹፌሩ ይወርድና ባርኔጣውን ያወልቃል። አባቷ የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢው፣ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። አልጋዋ የመጣች ለትም ከመኪና ያወረዳት ቅሬው ነው፤ አባቷ ፍራሿን በመዳፋቸው ጫን አድርገው፣ የጤና መኮንኑን «እዚህ ላይ የተኛ ይነሳል?» አሉት። «ኢንሻአላህ፣ አያ አብዱልሐሊም» አላቸው። እሱ ክርስቲያን ነው፣ ግን ለአባቷ በሚገባቸው ቋንቋ መለሰላቸው።

እንደገና ደወለች። ጠራ። ሲጠራ ተነስታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ሽፈራው፣ እንደ ልጅ አታባብለኝ። አባቴ መስከረም ላይ እንደተቀበሩ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ካሳዬ ነግሮኛል። ተሸክሟቸዋል።»

ከወዲያ በኩል ያልጠበቀችው ነገር ተሰማት፣ ሽፈራው በአፍንጫው ሳቀ፣ ደግሞ ወዲያው ተቆጣጠረው። «ወይ ካሳዬ። ሳንነግረው ነው ለካ ደሴ የገባው።»

«ምን ያስቅሃል? ሞት ያስቃል?»

«ሲቲ፣ ካሳዬ የተሸከመው አልጋዋን ነው።»

ምን ይላል ይኼ። «የቷን አልጋ?»

«የኦፕራሲዮኗን። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» አለ ሽፈራው፣ ተቀምጣለች፣ ደግማ ተቀመጠች፣ እሱም ይነግራታል፣ መስመሩ እየቆራረጠ፣ እሷ የጎደለውን በግምቷ እየሞላች። ታጣቂዎቹ ወደ ሆስፒታሉ መጥተው ክፍሉን ሁሉ አዩ፣ አልጋዋን ወዘወዟት፣ ነገ መኪና ይዘን እንመጣለን ብለው ሄዱ። የቅሬው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አሁን ብትሄድ ሌላ አልጋ ማን ይሰጠናል፣ ወደ ቃሬዛችን ልንመለስ ነው አሉ አባቷ። ሽፈራው ብሎኗን ፈታ። «ፍራሾቿና ገበታዋ አላስቸገሩኝም፣ የሚኒባስ ወንበር ናቸው ብዬ ጋራዥ ወሰድኳቸው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝ። እግሯ ነው ያስቸገረን፣ ድፍን ብረት። ከሆስፒታል ሳይፈተሽ የሚወጣ ምን አለ? ሬሳ ብቻ ነው።» ብረቷን በአንሶላ ገነዟት፣ ቃሬዛው ላይ አስተኟት፣ ጋቢ ደረቡባት። አሁን ማን ሞተ ይባል? ከተሰበሰቡት አንዱም የራሱን ስም፣ የልጁን ስም፣ የእናቱን ስም አላወጣም፤ በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብሎ ስሙን በሞት መጥራት ማን ይደፍራል፣ ሞት ጆሮ አለው። «አባትሽ ናቸው ‘እኔን በሉ’ ያሉት። ‘በቡአዬ ሆስፒታል ስመላለስ ሰው ሁሉ አይቶኛል፣ ሞተ ቢሉኝ ያምርብኛል’ አሉ። በጓሮ ወጥተው ቤታቸው ጓዳ ገቡ።»

ሚስጥሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹና ሊሸከሙ የተመረጡት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ቶሎ ወስደው ቶሎ ሊቀብሩ። ግን ወንድሙ ለሚባለው ሰው የነገረው አልነበረም። ወንድሙ የቅሬው ጥሩንባ ነፊ ነው፣ የቅሬው ዳኛ ሞቱ ሲባል ሰማ፣ የቅሬው ዳኛ ሞተው ደግሞ ጥሩንባ ሳይነፋ እንዴት ይሆናል፣ ታጣቂ በየማዕዘኑ ቆሞ እያለ ጉብታው ላይ ወጥቶ እስኪበቃው ነፋ። «ሲቲ፣ አገሩ ወጣ። ፈርቶ ቤቱን የዘጋው ሁሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሴቱ ደረቱን እየመታ፣ ወንዱ ‘እኔም ልሸከም፣ እኔም ልሸከም’ እያለ። እኛን ‘በቃችሁ፣ ልቀቁልን’ ይሉናል፣ እምቢ እንዳንል ቅሬ ነው፣ እሺ እንዳንል ብረት ነው። ካሳዬ ያኔ ነው የገባበት። ኬላው ላይ የቆመው ታጣቂ ቆቡን አውልቆ ነፍስ ይማር ብሎ አሳለፈን።» መቃብሩ ዘንድ ሸህ ናስር ቀስ ብለው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ፣ ብረት ላይ እንዴት ብዬ ልስገድ። ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሸሁ ጥቂት አሰቡና ሰገዱ፣ ኒያቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብ፣ ግን በዚያ ክረምት ወድቀው ሰጋጅም ቀባሪም ላላገኙት ሁሉ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ያለቀሰውን አገር አላለቀሳችሁም ማለት አልተቻለም። አባቷ ታጣቂዎቹ እስኪወጡ ድረስ ሞተው ጓዳ ተቀመጡ።

ሲቲ አፏን በመዳፏ ይዛ ታዳምጣለች። ልመን? የካሳዬ ትከሻ አለ፣ የተላጠው፣ ያ ክብደት። አባቷ ቀጭን ሰው ናቸው፣ ማን ያሳብጣቸዋል፣ ያኔ ለምን አላሰበችውም። ደግሞ እንዲህ ያለ ውሸት ሽፈራው ከየት ያመጣል፣ የሽፈራው ውሸት ሐራ ገበያ ድረስ ነው የምትደርሰው። ከዚያ በላይ አትሄድም። እንዲህ ስትል ደስታው ከእግሯ ጀምሮ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ነገር መሐል ላይ ያዘው።

«ታዲያ ስጣቸው።»

«አልኩሽ እኮ፣ ሐራ—»

«ሽፈራው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እሺ። ቡአው ታንቆባቸው አድሯል። ሲያስታውካቸው ነጋ። ወልድያ እንዳንወስዳቸው ሐኪሙ አይደርሱም አለ። እንግዳ ሐኪም ነው፣ በቅርብ የመጣ። አሁን ውስጥ ናቸው፣ አልጋዋ ላይ። ከመቃብር ካወጣናት ወዲህ የተኛባት በሽተኛ የለም፣ የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። እኔን ፓምፑ ዘይት ከለቀቀ ብለው በሩ ላይ አቁመውኛል። አንቺን ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ምን ይሠራላታል፣ ሲወጡ እነግራታለሁ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

ይኸው እንግዲህ። ከሞት የተመለሱ አባት በአንድ ትንፋሽ መሐል እንደገና ሊሞቱ ሄዱ። ሲቲ የታነቀ ቡአ ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ አንጀቱ ከጠቆረ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፣ አንዳንድ ሌሊት ከጠረጴዛዋ ላይ ሳይነቁ የሚወርዱም አሉ፣ ገበታውን ስታጥብ ውኃው ይሞቅ ይሁን ይቀዝቅዝ አታውቀውም። «ብረቷ አፈር ውስጥ ከርማ» አለች፣ ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ሆኖ፣ «ፓምፗ ይይዛል? ከፍ ካለች በኋላ ቀስ እያለች አትወርድም?»

«ትወርድ ነበር። ዘይት የሚይዘው ጎሚኒዋ ተበልቷል። የሚኒባስ ፍሬን ጎሚኒ አስገባሁላት፣ ትናንት እኔ ራሴ ተኝቼባት ሞከርኳት፣ ንቅንቅ አላለች።»

«ከየት ያመጣኸው ሚኒባስ?»

«ከካሳዬ። እንዳትነግሪው።»

ሳቀች፣ ወይም ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣት። ባትሪው እንዳያልቅ ልዝጋ አላት፤ አትዝጋ አለችው። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠላት፣ እሷም በካሰል ጨለማ ውስጥ ሆና መርሳ ውስጥ ካለ በር ፊት ቆመች። ሰው ያልፋል፣ የሆነ ባልዲ ይጎተታል፣ ሩቅ ባጃጅ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ዱዓ ታደርጋለች። ሲቲ በልቧ በሩን ከፍታ ትገባለች። አባቷ ተኝተዋል፣ ተረከዛቸው ሥር ማንም ምንም አላደረገም፣ ጋቢ ታጥፋለች፣ ከተረከዛቸው ሥር ታስገባለች፣ ማሰሪያውን በጣቷ ትለካለች። ስምዎ ማነው? አብዱልሐሊም። የተወለዱት? አንበጣው የወረደ ዓመት። የትኛው ጎን ነው? ይኸኛው፣ ልጄ፣ እጄን ያላነሳሁበት። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ደፋ አድርጉልኝ ትላለች፣ ግፊታቸው ወርዷል፣ አንድ ሰው ፔዳሏን ይረግጣል፣ አልጋዋ ትሄዳለች፣ እናቷ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቃሬዛው ላይ ተኝታ ተራዋን ትጠብቃለች፣ ትደርሳለች፣ ሁሉም ይደርሳል፣ ያ ረብ፣ እሳቸውን ስጠኝ፣ ሌላ ምንም አልልህም፣ አፈር ለበሱ ብዬ እፎይ ያልኩትን አትቁጠርብኝ። ስንት ሰዓት እንደቆየች አታውቅም። በሩ ተከፈተ። የጋሪ ጎማ ተንኳኳ። ሽፈራው የሆነ ነገር ሲጠይቅ፣ የማታውቀው ወጣት ድምፅ «ደርሰንበታል፣ አንጀቱ ደህና ነው» ሲል ሰማች። ከዚያ ስልኩ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ።

«ሲቲ።»

ደከም ያለ፣ የደረቀ፣ ግን የሳቸው ነው፣ ሌላ የማንም አይደለም።

«አባ።»

«አለሁ። ከወገቤ በታች ግን የለሁም፣ አደንዝዘውታል። ከወገቤ በላይ አለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ፣ አባ። አይናገሩ፣ ይረፉ።»

«እስካሁን ሳርፍ አይደል የከረምኩት።» ትንሽ ተነፈሱ። «ሞተዋል ብለው ነገሩሽ አሉ።»

«ነገሩኝ።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ስልክ የለም፣ መንገድ የለም፣ የሩቋ አትሰማም ብዬ ነው እኔን በሉ ያልኳቸው። ከዚህ ተራራ የሚያልፍ አልመሰለኝም። ቅሬ እንደሆነ እግር አለው፣ እኔ ዳኛው ረሳሁት።»

ሲቲ አውፍ ማለት ያለበት ማን እንደሆነ እንኳ ጠፋባት። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው አለሽ ወይ አሏት፣ አለሁ አለች።

«ያን ለት ጓዳ ሆኜ» አሉ አባቷ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያነሱ፣ «ሲያለቅሱልኝ ሰማሁ። ጨለማ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ እያንዳንዱን በድምፁ ለየሁት። ሸዋዬ አለቀሰች። ገነት የባለሱቁ ሚስት አለቀሰች። የተጣላኋቸው ሁሉ አለቀሱልኝ። እኔ ግን ወላሂ ልጄ፣ ጀርመን እንዳለሽ እያወቅሁ፣ በመሐል ያንቺን ድምፅ ስፈልግ ዋልኩ።»

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው ጮክ ብሎ አያለቅስም። መርዶው የመጣ ለት ማርታ መስኮቱን ዘግታ ነበር፣ ሲቲም ትራሱን ነክሳ ነበር ያለቀሰችው፣ ከታች ያሉት ሽማግሌ ጫማ ወለሉን ሲነካ እንኳ ወረቀት በር ላይ ይለጥፋሉ። አሁን ግን የራሷ አልጋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አፏን ከፈተች፣ እና መስከረም ላይ ያልወጣው ሁሉ ወጣ፣ አባዬ አለች፣ አባዬ፣ ሳልደርስልዎ፣ ውኃ ሳላቀምስዎ፣ ቃሬዛዎን ሳልከተል፣ እንደ መርሳ ሴቶች፣ ሸሆቹ የሚቆጡበትን ዓይነት፣ ከሆድ የሚነሳውን፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ እየመታች። ታች ያሉት ሽማግሌ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ደበደቡ። አላቆመችም። አባቷም ዝም በይ አላሏትም። የመርሳ ቀን በስልኩ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል። ስትጨርስ፣ ሲቃዋ ብቻ ሲቀር፣ ትንፋሻቸውን ሰማች።

«በቃ፣ ልጄ» አሉ። «ሰማሁት።»